«ልጆቹን ይዤ ብሄድ ለእኔ ምን ይጠቅመኛል?»

*«ሰላም ጋሼ። ከአዲስ አበባ ወጣ ባለች ከተማ፣ በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ10ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። በአንድ ክፍል 56 ተማሪ አለኝ። እዚሁ ያለው ዩኒቨርሲቲ በስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስናና የሒሳብ) ማዕከሉ በኩል ‹ክፍልሽን ይዘሽ ነይ› ብሎኛል። ስሪዲ ፕሪንተር፣ ሌዘር መቁረጫና የኤሌክትሮኒክስ መሥሪያ ጠረጴዛዎች አሉት። ርዕሰ መምህራችን ግን ‹ፖርሽን ሳይሸፈን የምን ሽርሽር ነው?› አለኝ። ዓምና አንድ ባልደረባዬ ክፍሉን ይዞ ሄዶ ነበር፤ ልጆቹ ፎቶ ተነስተው ተመለሱ፣ በቃ። እውነቱን ለመናገር እኔም እነዚህን ማሽኖች በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ልጆቹ ፊት እንዳላፍር ፈርቻለሁ። ደግሞስ ለእነሱ ይጥቀማቸው፣ ለእኔ ለመምህሯ ምን ይጠቅመኛል? ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ? ከሄድሽ ሪፖርት ታቀርቢያለሽም ተብያለሁ። ምን ብዬ ልጻፍ?»*

እህቴ፣ ሂጂ። ዓምና ባልደረባሽ እንደሄደው ግን አትሂጂ።

ከጥያቄዎችሽ ሁሉ «ለእኔ ምን ይጠቅመኛል» ያልሽውን ነው የወደድኩት። አፍረሽበት መጨረሻ አካባቢ ሸጎጥ አድርገሽዋል እንጂ ዋናው እሱ ነው። ልጆቹ በአንድ ከሰዓት ኢንጂነር ሆነው አይመለሱም። ሁለት ሰዓት ቆይተው፣ አንድ ነገር ነካክተው፣ ተደስተው ይመለሳሉ። ብዙዎቹ ዳግመኛ እዚያ ላይገቡ ይችላሉ። አንቺ ግን ዘንድሮም፣ ለከርሞም ክፍል ሙሉ ልጅ ፊት ትቆሚያለሽ። ከዚያ ቤት ለዓመታት የሚያገለግል ነገር ይዞ የሚወጣ ሰው ቢኖር መምህሯ ናት። እኔ የክፍል ጉብኝትን የማየው እንደ መምህራን ሥልጠና ነው። አበልና የሻይ ሰዓት የሌለው ሥልጠና በይው።

ከፍርሃትሽ ልጀምር። እንዲህ ያሉ ቦታዎች ሲፈጠሩም ለባለሙያ ብቻ ታስበው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ፣ ኤምአይቲ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ኒል ገርሽንፌልድ የሚባል የፊዚክስ ሰው ከሞላ ጎደል ማንኛውንም ነገር መሥራትን የሚያስተምር ኮርስ ከፈተ። ክፍሉ የሚበቃው ለ10 ተማሪ ነበር። ለመመዝገብ የመጣው መቶ ገደማ ሆነ። ከመጡት ውስጥ አርቲስቶችና አርክቴክቶች ነበሩበት፤ መሣሪያ ነክተው የማያውቁም ነበሩ። ዛሬ በየአገሩ ያሉት ፋብላቦች፣ ማለትም ሰው ገብቶ በእንዲህ ያሉ ማሽኖች የፈለገውን የሚሠራባቸው ቤተ ሙከራዎች፣ ከዚያ ሥራ ነው የተወለዱት። እኛ ጋ ነገሩ በብዛት የገባው በስቴም ማዕከል ስም ነው። ቢሾፍቱ ያለው ፎካ የሚባለው ማዕከል ከቀደምቶቹ አንዱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተከፍቷል። ስለዚህ ማሽን አይተሽ አለማወቅሽ ቦታው የተሠራለት ሰው ያደርግሻል እንጂ እንግዳ አያደርግሽም።

ቢሆንም ልጆች ፊት ማፈርን የመሰለ ነገር የለም። እኔም መምህር ነበርኩ፣ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ልጆቹን ሳትይዢ ብቻሽን ቀድመሽ ሂጂ። አንድ ከሰዓት ይበቃሻል። እዚያ የሚሠራውን የላብ ቴክኒሺያን «ተማሪዎቼ የሚሠሩትን መጀመሪያ ራሴ ልሥራው» በይው። ማሽን በማሽን አስጎብኝተው ሊሸኙሽ ከፈለጉ እምቢ በይ። ወንበር ሳቢና ቁጭ በይ።

እንበልና ሥራው ኤልኢዲ የምትባለውን ትንሽ መብራት ማብራት ነው። አንድ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ አንዲት ቀይ ኤልኢዲ፣ ከረንቱን የሚገታ አንድ ሬዚስተር፣ ሁለት ሽቦ። ምን ቀላል ነገር አለ? ታገናኚዋለሽ፣ አይበራም። ባትሪው አልቋል ትያለሽ። ሽቦውን ታወዛውዢያለሽ። አሁንም የለም። ቆይተሽ የኤልኢዲዋ እግሮች እኩል እንዳልሆኑ ታያለሽ፤ አንዱ ረዘም ይላል። ረጅሙ ነበር ወደ ፖዘቲቭ መዞር የነበረበት። ታዞሪዋለሽ፣ ቦግ ይላል። እዚህ ላይ ትልቅ ሰውም ይስቃል፣ አትፈሪ።

ከዚያ ሬዚስተሩ ለምን እንዳስፈለገ ጠይቂ። ቀይ ኤልኢዲ የምትፈልገው 2 ቮልት ገደማ ነው። የሚስማማት ከረንት ደግሞ 20 ሚሊአምፒር አካባቢ። ከ9 ላይ 2 ስትቀንሺ 7 ቮልት ይተርፋል። 7ን ለ0.02 አካፍይው፣ 350 ኦም ይመጣል። ገበያ ላይ በብዛት የምታገኚው 330 ስለሆነ እሱን ታስገቢያለሽ። ይኼ ሰሌዳ ላይ ስንቴ የጻፍሽው የኦም ሕግ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ልዩነቱ፣ እዚህ ስትሳሳቺ ኤልኢዲዋ ትቃጠላለች እንጂ ማንም በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አያደርግብሽም። ደግሞም «350 ወጥቶ ለምን 330 እናስገባለን?» የሚለው ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ፈጽሞ አይነሳም። እጁ ሬዚስተሩን የያዘ ልጅ ግን ይጠይቀዋል።

ተዘጋጅተሽ ሄደሽም ቢሆን የማታውቂው መምጣቱ አይቀርም። አንዱ ተነስቶ «ቲቸር፣ ፕሪንተሩ ፕላስቲኩን በስንት ዲግሪ ነው የሚያቀልጠው?» ይልሻል። (ፒኤልኤ የሚባለው ፕላስቲክ ከሆነ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ይቺን ከእኔ ያዢ።) ለቀረው «አላውቅም፣ ና አብረን እንጠይቀው» በይ። እኛ አገር መምህር አላውቅም ሲል የሚሰማው በስንት ዘመን አንዴ ነው። ልጆቹ ቴክኒሺያኑን ስትጠይቂ፣ መልሱን ደብተርሽ ላይ ስትጽፊ ቢያዩሽ አይንቁሽም። ራሳቸውም መጠየቅ ይጀምራሉ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በጉብኝቱ ቀን ሥራሽ ማስተማር አይደለም፣ ማየት ነው። ክፍል ውስጥ 40 ደቂቃ ሙሉ የምትናገሪው አንቺ ነሽ። ጀርባሽን ሰጥተሽ ትጽፊያለሽ፣ ዞር ብለሽ ዝም ታሰኛለሽ። ተማሪዎችሽን የምታውቂያቸው በፈተና ወረቀትና በጫጫታቸው ነው። በዚያ ከሰዓት ግን ሌላ ሰው ይመራል፣ አንቺ እጅሽን ወደ ኋላ አጣምረሽ በየጠረጴዛው ትዞሪያለሽ። እንዲህ ያለ ዕድል በዓመት አንዴም አይገኝ።

አንድ ጊዜ እንዲህ ባለ ማዕከል ከአንድ መምህር ጋር ቆሜ አይቻለሁ። «ይኼ እንኳ ሁልጊዜ የሚተኛው ነው» ብሎ በአገጩ ያሳየኝ ልጅ የሽቦውን ልባስ በጥርሱ ልጦ ጣለው። ጫፉን በሁለት ጣቱ ጠምዝዞ አጠነከረና ቀዳዳው ውስጥ ሰካው። ቀና ብሎ እንኳ አላየም። ከጎኑ የክፍሉ አንደኛ አለች። ወረቀቷን ይዛ «መልሱ ስንት ነው የሚመጣው?» ትላለች፣ ሽቦውን ግን አልነካችም። በኋላ ሲጠየቅ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲወጣ አጎቱ ሞባይል ጥገና ቤት እስከ ማታ ይሠራል። ክፍል የሚተኛው ለዚያ ነበር። መምህሩ ዓመቱን ሙሉ አላወቀም። (ሽቦ በጥርስ መላጥ ጥሩ ነገር አይደለም፣ መላጫ ካላቸው አስቀድመሽ ጠይቂ።)

ልብ በይ፣ እኔ ልጁ ጎበዝ ነው ልጅቷ ሰነፍ ናት እያልኩ አይደለም። እሷም ያላሳየችው ነገር ታይቶባታል፤ መልሱን ሳታውቅ መጀመር ትፈራለች። ይኼን ያወቀ መምህር ለሁለቱም የሚለው ነገር ይለወጣል። ስለዚህ ትንሽ ደብተር ያዢ። ሁሉንም ልጽፍ አትበይ። ያስገረሙሽን ሦስት አራት ልጆች ስም፣ ከጎኑ ያየሽውን አንድ ዓረፍተ ነገር፣ በቃ።

ቴክኒሺያኑንም እዪው። ጎበዝ ከሆነ፣ ያልበራለት ልጅ ሲጠራው መጥቶ አያበራለትም። «እስካሁን ምን ምን ሞከርክ?» ብሎ ይጠይቅና ዝም ይላል። ያቺ ዝምታ ለእኛ ለመምህራን ከባድ ናት፤ ፖርሽን ያባርረናላ። ልጆችን ሎጎ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ፕሮግራም ማድረግ ያስጀመረው ሲሞር ፓፐርት እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሲደጋግም የኖረው ይኼንኑ ነበር። ፕሮግራም አልሠራ ሲል ማንም ወድቀሃል አይልም፤ የቱ ጋ እንደተበላሸ ፈልጎ ማስተካከል ነው። ለእኛ ተማሪ ግን መልስ ወይ ኤክስ ነው ወይ ራይት። ሌላ ሰው እንዴት አድርጎ እንደሚጠብቅ ቆመሽ ማየትሽ ብቻ የመንገድሽን ዋጋ ይከፍልልሻል።

አንድ የማልደራደርበት ነገር አለ። ቡድን ስትመድቢ ነገሩን ለዕድል ከተውሽው ወንዶቹ መሣሪያውን ይቀራመቱታል፣ ሴቶቹ ጸሐፊ ይሆናሉ። ማንም አላዘዘም፣ ግን በአምስት ደቂቃ ውስጥ እንዲያ ይሆናል። ሴቶቹም «የእነሱ ጽሑፍ አያምርም» እያሉ ይስቁና እስክሪብቶውን ይይዛሉ። መፍትሔው ከባድ አይደለም። መሣሪያ ያዡ በየ10 ደቂቃው ይቀየር፤ ሰዓቱን አንቺ ያዢ። ወይም ሁለት ሦስት የሴቶች ብቻ ቡድን አድርጊ። ሁለተኛው ይበልጥ ይሠራል ባይ ነኝ። ወንዶቹ ያጉረመርማሉ፤ ያጉረምርሙ።

56 ልጅ በአንዴ አታስገቢ። ዓምና ባልደረባሽን የጎዳው ይኼ ይመስለኛል። 56 ልጅ አንድ ስሪዲ ፕሪንተር ዙሪያ ቆሞ ምን ያያል? ፕሪንተሩ እንደሆነ ቀርፋፋ ነው። የቁልፍ መያዣ የምታህል ነገር ለማውጣት ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። የጭብጥ ያህል ከሆነማ ሰዓታት ነው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ልጅ ስልኩን ያወጣል፣ ፎቶ ይነሳል። አልፈርድበትም። ስለዚህ 28፣ 28 አድርገሽ ክፈያቸው። አራት አራት ሆነው ሰባት ጠረጴዛ ይሞላሉ። ግማሾቹ ሲሠሩ ሌሎቹን የሒሳብ ወይም የአይሲቲ መምህሩ ቤተ መጻሕፍቱንና ግቢውን ያሳያቸው፣ ከዚያ ተለዋወጡ። ባልደረባ ይዞ መሄድ ሌላም ጥቅም አለው። ስትመለሱ የምታወሪው ሰው ይኖርሻል፤ ብቻዋን ተደስታ የተመለሰች መምህርት በሳምንቷ ትቀዘቅዛለች።

ፕሪንተሩን ለማየት ከጓጉ ከመምጣታችሁ በፊት ሥራ አስጀምረውት እንዲቆዩ ለምኛቸው። ልጆቹ ሲደርሱ ግማሽ የደረሰ ነገር ያዩና በመካከል እየሄዱ ይጎበኙታል። ሌዘር መቁረጫው ፈጣን ነው፣ ቀጭን ጣውላ ወይም ካርቶን በደቂቃዎች ይቆርጣል፤ እሱን አሳይተው ቢያልፉ አይከፋም። መብራት ከጠፋስ? ይኼ አገራችን ነው፣ ይጠፋል። የባትሪ ሥራ የመረጥኩልሽ አንዱ ምክንያት እሱ ነው። መብራት ቢሄድም መስኮት ከፍታችሁ ትቀጥላላችሁ።

ርዕሰ መምህሩ ጠላትሽ አይደለም። እሱም ከላይ ስንት ፐርሰንት ተሸፈነ ተብሎ የሚጠየቅ ሰው ነው። ስለ ፈጠራና ስለ ምናብ ብታወሪው አይሰማሽም። «የኤሌክትሪክ ምዕራፉን ቤተ ሙከራ እዚያ ልሥራው፣ ከተከታታይ ምዘናው ላይ ይህን ያህል ማርክ እይዝበታለሁ» በይው። የክፍለ ጊዜ ዕቅድሽን አሳዪው። ፖርሽኑን እየሸፈንሽ መሆኑ ወረቀት ላይ ይታየው። ፈተና ደርሷል ካለሽ ደግሞ፣ ፈተናውን ራሱን ጥሪለት። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015ም 3.2 በመቶ። ከእነዚያ ልጆች መካከል እኮ ፖርሽን የተሸፈነላቸውም ነበሩ። አንድ ጉብኝት ውጤት ይለውጣል እያልኩ አይደለም፤ እንዲያ ብለሽ ቃል እንዳትገቢ። ግን መሸፈን ብቻውን እንዳላዋጣ ቁጥሩ ይናገራል።

ትራንስፖርቱን ዩኒቨርሲቲውን ጠይቂ፤ ሰርቪስ ቆሞ የሚውልበት ሰዓት አለ። የወላጆችን ፈቃድ በጽሑፍ ያዢ። ይኼን ታውቂዋለሽ፣ አላስረዝምም።

ስትመለሺ የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ወሳኝ ነው። «ምን ተማራችሁ?» ብለሽ አትጠይቂ። «ብዙ ነገር» ይሉሻል፣ ያበቃል። ይልቅ የሠሩትን ሰርኪዩት ሳያዩ እንዲስሉ አድርጊ፤ ከዚያ መጀመሪያ ለምን እንዳልሠራላቸው ይጻፉ። ያልሠራላቸው ይበልጥ የሚጽፉት አላቸው። ያ የሚተኛው ዓይነት ልጅ ካለሽ ሰሌዳው ጋ ጥሪው። አስተምር አትበይው፣ ይሸበራል። ያንን ነገር እንዴት እንደሰካው ብቻ ያሳያቸው።

ከዚያ ያንኑ ሥራ ያለ ማዕከሉ ድገሚው። የተበላሸ የልጆች መጫወቻና የሞተ ቴፕ ውስጥ ዲናሞ አለ። ከተጣለ የእጅ ባትሪ ኤልኢዲ ይወጣል። ካርቶን፣ ቆርኪ፣ ስቴኪኒ፣ የሃይላንድ ጠርሙስ ልጆቹ ራሳቸው ያመጡልሻል፤ ሦስት ቀን ስጫቸውና ክፍሉ ይሞላል። አዲስ አበባ ብትሆኚ ምናለሽ ተራ ውሰጃቸው እልሽ ነበር። ከአሮጌ በርሜል ምድጃ፣ ከጎማ ጫማ ሲሠራ እያዩ የሚጠይቁት ጥያቄ ማለቂያ የለውም። በእናንተም ከተማ የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚሠራ ሰው አይጠፋም። በ220 ቮልት 16 አምፒር የሚስብ ምጣድ 3,520 ዋት ይበላል። ልጆቹ ይኼን ራሳቸው አስልተው፣ እናታቸው እንጀራ ስትጋግር ሶኬቱ ለምን እንደሚግል ያስረዱ። ባለ ምጣዱም አስተማሪ መባሉን አይጠላም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቀድመሽ ስትሄጂ ልጆቹ ምንም እንደማይነኩ፣ የግማሽ ሰዓት ንግግር እንዳለ፣ ባነር ተዘርግቶ ፎቶ እንደሚነሱ ከነገሩሽ አመስግነሽ ቅሪ። የማዕከሉን ዓመታዊ ሪፖርት ለማሳመር ልጆች ከትምህርት አይቀሩም። «ፎቶውን እሺ፣ ግን አንድ ሥራ በእጃቸው ይሥሩ» ብለሽ ተደራደሪ። ብዙዎቹ ይስማማሉ፤ እነሱም የሚመጣላቸው ክፍል አጥተው ነው የሚያስጎበኙት። እግረ መንገድሽን የክረምት ፕሮግራም እንዳላቸው፣ መምህር ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቂ። ተማሪ ላኪ ካሉሽ ደብተርሽ ላይ ከጻፍሻቸው ስሞች ምረጪ፤ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡትን ሁሉም ሰው ይልካቸዋል።

ሪፖርቱ አያስጨንቅሽ። አንድ ገጽ ነው። የትኛው ምዕራፍ፣ ስንት ቡድን፣ የስንቱ በራ፣ የስንቱ አልበራም፣ ያልበራው ለምን። ማርኩን አያይዢበት። «ተማሪዎች ከፍተኛ ግንዛቤ ጨብጠዋል» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ተያት፣ ሁሉም ሪፖርት ላይ አለች። ሁለተኛ ገጽ አድርገሽ ደግሞ የግዢ መጠየቂያ ጨምሪበት፦ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ ቀይ ኤልኢዲ፣ ባለ 330 ኦም ሬዚስተርና ሽቦ፣ ለ14 ቡድን የሚሆን። ኤልኢዲውን እጥፍ አድርገሽ ጠይቂ፣ ይቃጠላል። ሪፖርቱ ሳይነበብ ፋይል ውስጥ ሊገባ ይችላል። መጠየቂያው ግን ፊርማ ስለሚፈልግ ርዕሰ መምህሩ ጠርቶ ማናገሩ አይቀርም፤ ያኔ የልጆቹን ሥዕሎች ይዘሽ ግቢ።